የተነሣሁበት ቀን

ቱሉ ዲምቱ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶ/ር ሀብተሚካኤል፣
አርባ ምንጭ

ደብዳቤዎ ከደረሰኝ በኋላ መልስ ሳልሰጥ በመቆየቴ በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቸልተኝነት አይደለም። የምጽፈው ጋደም ብዬ፣ በቀን ጥቂት መስመሮችን ብቻ ነው፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሲጀመር የነበርኩበት ሁኔታና ሲያልቅ ያለሁበት የተለያዩ ሊሆኑ ይችላሉ። አዲሱ የሥራ ቦታ ለእርስዎም ለቤተሰብዎም እንደተስማማ ተስፋ አደርጋለሁ።

በስልክ ብንነጋገር እንደማይሻል ጠይቀውኛል። ስልክ ከመጻፍ ይበልጥ ያደክመኛል፤ የሰው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ሲቆይ ቃላቱ ይቀላቀሉብኛል። የስክሪኑ ብርሃንም ዓይኔን ያመኛል። ከሕንጻችን ሥር የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላት ጎረቤቴ ፊርዶስ የእኔን ወረቀት ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ትልክልዎታለች፤ የእርስዎንም በትልልቅ ፊደል አትማ ታመጣልኛለች። «በዚህ ዘመን ፖስታ ቤት የከፈትኩ እኔ ብቻ ነኝ» ትላለች። ያመጣችውን የምታነብልኝ እናቴ ናት። ይህን የምገልጸው የሚጽፉልኝ ነገር በሁለት ሰው ጆሮ እንደሚሰማ እንዲያውቁ ነው።

ስለ ክትትሉ ለጠየቁኝ፣ እርስዎ ከሄዱ በኋላ የተመደቡት ሐኪም መዝገቤን በጥንቃቄ አገላብጠው «የደም ምርመራሽ ሁሉ ንጹሕ ነው፤ ደስ ሊልሽ ይገባል» አሉኝ። እርስዎ «ሥር የሰደደ የድካም ሕመም» ብለው የጻፉበት ገጽ ላይ ሲደርሱ ግን ትንሽ ቆም ብለው አለፉት። ያዘዙልኝ በየዕለቱ እየጨመርኩ የእግር ጉዞ እንዳደርግ ነው። የምኖረው መመሪያ በመከተል እንደሆነ ያውቃሉ፤ ቂሊንጦ በሚገኘው የመድኃኒት ፋብሪካ የጥራት ቁጥጥር ክፍል የሠራሁት በዚሁ ጠባዬ ነው። ስለዚህ ትእዛዙን ሳልቀንስ ሳልጨምር ፈጸምኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ከሕንጻው እስከ አስፋልቱ ደርሼ ተመለስኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጭንቅላቴን ከትራስ ማንሣት ተሳነኝ፤ እናቴ በማንኪያ አበላችኝ። ይህን ሄጄ ስናገር የተሰጠኝ መልስ «አልበረታሽም» የሚል ነበር። ከዚያ ወዲህ ቀጠሮ አልተጻፈልኝም።

እናቴ ጸበል ልትወስደኝ ትፈልጋለች። አልተቃወምኳትም። ያልሄድኩት ማለዳ ተነሥቶ ብርድ ላይ መቆም የሚችል ሰውነት ስለሌለኝ ብቻ ነው።

አሁን የምለምንዎት ነገር አለ። ፋብሪካው የሕክምና ቦርድ ውሳኔ እንዳመጣ ጠይቆኛል። ቦርዱ «ብቁ ናት» ካለ ወደ ፈረቃ መመለስ ግዴታዬ ነው። ሥራው ደግሞ ከመግቢያ እስከ መውጫ ቆሞ የሚሠራ ነው። ካልተመለስኩ እሰናበታለሁ። ከተመለስኩ የሚሆነውን እርስዎ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። በሽታዬን የሚገልጽ አንድ ገጽ ቢጽፉልኝ፣ ምናልባት አንድ ሰው ያምነኝ ይሆናል።

አክባሪዎ፣
ልዕልት ወልደሰንበት


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ልዕልት፣

ይህን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው በማንበብ ላይ ላሉት ለወ/ሮ አሰለፈችም ከፍ ያለ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ደክሞዎት ከሆነ እዚህ ላይ ያቁሙና ነገ ይቀጥሉ፤ የቀረው አይሸሽም።

የእግር ጉዞውን ያቁሙ። ከዚህ የተለየ አስተያየት ያለው ባልደረባ ቢኖርም፣ በእርስዎ ላይ የታየው ውጤት ለእኔ በቂ ማስረጃ ነው። ከትንሽ ድካም በኋላ፣ በማግስቱ ወይም ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከልክ ያለፈ መውደቅ የሚመጣባቸው ሕሙማን አሉ፤ እርስዎ ከእነርሱ አንዷ ነዎት። ይህ ስንፍና አይደለም። ወ/ሮ አሰለፈች ይህን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ቢያነቡት ደስ ይለኛል።

የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶ እንደሆነ ለጠየቁኝ፣ እስከማውቀው ድረስ አልተገኘም። እንቅልፍንና ሕመምን የሚያስታግሱ አሉ። ዋናው ሕክምና ግን ከመድከም በፊት ማረፍ ነው፤ ለመናገር የሚያሳፍር ያህል ትንሽ ነገር መሆኑን አውቃለሁ።

የጠየቁኝን ገጽ ከዚህ ጋር ልኬአለሁ። ሆኖም ከዚያ ሆስፒታል ከለቀቅሁ በኋላ ቃሌ እንደ ውጭ ሰው አስተያየት ሊቆጠር ይችላል፤ ስለዚህ በእርሱ ብቻ አይተማመኑ። የልብ ምትዎን ተኝተው ሳሉ ከዚያም ጥቂት ቆመው እንዲለኩልዎ ይጠይቁ። ስለ ደህናው ቀን ሳይሆን ስለ ክፉው ቀን ይንገሯቸው። ተራ ሲጠብቁ መጋደም ካስፈለገዎት አግዳሚው ላይ ይጋደሙ። አያፍሩ።

ማን አብሮዎት እንደሚሄድ ቢያሳውቁኝ መልካም ነው።

ሀብተሚካኤል


ቱሉ ዲምቱ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶ/ር ሀብተሚካኤል፣

አብራኝ የሄደችው እናቴ ናት። እርሷ አሁንም እያነበበችልኝ ስለሆነ ሰላምታዎን ተቀብላለች፤ «እግዚአብሔር ያክብርልኝ በይው» ብላለች። ያንን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ሦስተኛ አነበበችው።

ከአራተኛ ፎቅ የወረድኩት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። የሕንጻችን ጥበቃ ጀቤሳ ከኋላ፣ አንድ ጎረቤት ከፊት ሆነው ተሸከሙኝ። ጀቤሳ በየደረጃው መታጠፊያ ላይ ሲያርፍ «ሙሽራዋ እንዳትወድቅ፣ ሚዜዎች ቀስ በሉ» እያለ ሰዉን ሁሉ አሳቀው። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ለዕለቱ ከዋዜማው ጀምራ ሹሩባ ሠርታኝ፣ ነጭ ቀሚስ አልብሳኝ ነበር፤ ከአልጋ እንደተነሣሁ ሆኜ ቦርዱ ፊት እንድቀርብ አልፈለገችም። «ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው ታጥቦ ነው» ትላለች። ልክ ናት።

ቃሊቲን ስናልፍ የጭነት መኪኖቹ መንገዱን ዘግተውት ብዙ ቆምን፤ ነገር ግን በሰዓቱ ደርሰናል። ቦርዱ በአክብሮት ተቀበለኝ። ሰብሳቢው ያሉኝን ጭምር አስታውሳለሁ፤ «ከጨዋ ቤት የወጣሽ ልጅ መሆንሽ ያስታውቃል» ነው ያሉኝ።

ውሳኔውን በተመለከተ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ። ለአሁኑ ይህን ያህል ይበቃል። በአርባ ምንጭ ሙቀቱ እንዴት ነው?

አክባሪዎ፣
ልዕልት


አርባ ምንጭ፣ ታኅሣሥ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወ/ሪት ልዕልት፣

ሙቀቱ እንደ ወትሮው ነው። ስለ ሹሩባውና ስለ ቀሚሱ ነግረውኛል፤ ስለ ጀቤሳ ቀልድም ነግረውኛል፤ ስለ ውሳኔው ግን አንድ ቃል የለም። የእጅ ጽሑፍዎም ከገጹ አጋማሽ ጀምሮ ወደ ታች ያዘነብላል። እንዳልጠይቅዎ ፈልገው ይሆናል። ሐኪም ነኝና እጠይቃለሁ።

በመጀመሪያው ቀጠሯችን፣ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ የጠየቅሁዎትን የመጨረሻ ጥያቄ ያስታውሱ ይሆናል። ዛሬ ያንኑ ጥያቄ ደግሜ እጠይቅዎታለሁ። መልሱን እንደዚያን ጊዜው በእውነት እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። በምን መንገድ እንደሚመልሱልኝ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።

ለወ/ሮ አሰለፈች ሰላምታዬ ይድረሳቸው።

ሀብተሚካኤል


ቱሉ ዲምቱ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዶክተር፣ ፊርዶስ ነኝ። እጇ ብዕር አይዝም፤ እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ ጥምቀት ስለሆነ እማማ አሰለፈች ከታቦቱ ጋር ወጥተዋል፤ ሕንጻው ባዶ ነው፣ ሱቄንም ዘግቼ መጥቻለሁ። «ያልኩሽን ብቻ ጻፊ፣ ከራስሽ አትጨምሪ» ብላኛለች። እሺ ብያለሁ። ከዚህ በታች ያለው የእሷ ነው።

ለተከበሩ ዶ/ር ሀብተሚካኤል፣

ለመልሴ መዘግየት ይቅርታ። ከቦርዱ ቀን ጀምሮ መጋረጃው ተዘግቶ ነው የምኖረው። መጀመሪያ ውሳኔውን ላስቀምጥ። ቃል በቃል እንዲህ ይላል፤ «ታካሚዋ ያለ ረዳት ከመቀመጫዋ በተደጋጋሚ ስትነሣና ስትቀመጥ ታይታለች። ለመደበኛ ሥራዋ ብቁ ናት። ተጨማሪ ክትትል አያስፈልጋትም።»

የተጻፈው ሐሰት አይደለም። የሆነውን በቅደም ተከተሉ እነግርዎታለሁ። አብረውን የመጡት ጀቤሳና ጎረቤታችን በወንበሩ የተሸከሙኝ እስከ ሆስፒታሉ በር ድረስ ብቻ ነበር። ሰው ፊት በወንበር መግባት አፍሬ አውርዱኝ አልኩ፤ እናቴን ተደግፌ በእግሬ ገባሁ። ክፍሉ ውስጥ ማንም አልነበረም፤ ተቀመጥን። የቦርዱ አባላት የገቡት በአንድ ላይ ሳይሆን አንድ በአንድ ነው። መጀመሪያ ሰብሳቢው ገቡ፤ ጸጉራቸው ነጭ ነው። ኖር ብዬ ተነሣሁ። «በእግዜር፣ በእግዜር» ብለው አስቀመጡኝ። ቀጥሎ አንዲት ሴት ሐኪም ገቡ፤ ተነሣሁ። ሦስተኛው ወጣት ነው፤ ለእርሱ እንደተቀመጥኩ ልቆይ ብዬ ነበር፤ እናቴ ግን ክንዴን በክንዷ ነካ አድርጋ «ተነሺ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ። ተነሣሁ። መዝገብ ይዘው ለገቡት አዛውንትም ተነሣሁ፤ ሲወጡም እንደዚሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሰውነቴ ከእኔ ቀድሞ ይነሣል፤ ያሳደጉኝ እንደዚያ ነው። ስቀመጥ ግድግዳው ይዞር ነበር፤ ፈገግ ብዬ ጠበቅሁት እስኪቆም።

የልብ ምቴን ተኝቼ እንዲለኩልኝ ጠየቅሁ። ሰብሳቢው በጣም ደግ በሆነ ድምፅ «ልጄ፣ አንቺን ማስተኛት አያስፈልግም፤ እንዴት እንደምትነሺ እኮ አይተናል» አሉኝ። የእርስዎን ገጽ ከመዝገቡ ጋር አያያዙት። አንብበውት እንደሆነ አላውቅም።

ከዚያ ቀን በኋላ ያለውን ማንም አላየም። በማግስቱ ውኃ ለመዋጥ ተቸገርኩ። ከግድግዳው ማዶ የሚሰማ ቴሌቪዥን እንደ መዶሻ ነው። ፋብሪካው ወደ ሥራ እንድመለስ ጽፎልኛል።

አንድ ነገር አደራ እልዎታለሁ። መልስ ሲጽፉ ስለ መነሣቴ አይጥቀሱ። እናቴ የሚመስላት ቦርዱ እንዲህ የወሰነው ልብ ስላጣ ነው። «ተነሺ» ያለችኝ እርሷ መሆኗን ከውሳኔው ጋር ካገናኘችው፣ በእኔ ላይ ሌላ በሽተኛ ይጨመራል።

የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስታውሳለሁ። መልሴ እንደ መጀመሪያው ቀን አይደለም። መሞት አልፈልግም። ይህ እንዲያበቃ ግን እፈልጋለሁ። ሁለቱን ለይቼ ማስቀመጥ እስካሁን ችያለሁ፤ ልዩነታቸው ግን አንዳንድ ቀን በጣም ቀጭን ይሆንብኛል። ለምርመራ የማይታይ፣ ለእናት የማይገባ፣ ለሰብሳቢ የማይታመን ነገር ተሸክሞ መኖር እንዴት እንደሚቻል የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።

ልዕልት

ዶክተር፣ ይኸኛው የእኔ ነው፤ እንዳልጨምር ብትልም እጨምራለሁ። እላይ ያለውን ስታስጽፈኝ እጄ ቆመ። «ጻፊ» አለችኝ፤ ጻፍኩ። ከዚያ የመድኃኒት ፌስታሏን አንሥቼ ወደ ሱቄ አወረድኩት፤ ለየቀኑ የሚበቃትን ብቻ ይዤ እወጣለሁ። «ጠባቂ ሆንሽብኝ?» አለችኝ። «ፖስታ ቤቱ ፋርማሲም ከፍቷል» አልኳት። አልሳቀችም፤ ግን አልተቆጣችም። ልክ ሠራሁ? ፊርዶስ።


አርባ ምንጭ፣ ጥር 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ ገጽ በፊርዶስ ብቻ የሚነበብ ነው።

እኅቴ ፊርዶስ፣ ልክ ሠርተሻል። መድኃኒቱን አትመልሺ። ዛሬ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ የምትሠራ አንዲት የሥነ አእምሮ ሐኪም ባልደረባዬ በስልክሽ ትደውልልሻለች፤ ቤት ድረስ ለመምጣት ተስማምታለች። ከዚህ በታች ያለውን ቀስ ብለሽ አንብቢላት።

ወ/ሪት ልዕልት፣ እውነቱን ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። የምትመጣው ሐኪም የምትመጣው ሕመምዎ የሐሳብ ነው ብላ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ሕመም ሐሳብን ምን እንደሚያደርግ ስለምታውቅ ነው።

ቦርዱን አልወቅስም ለማለት ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ነገር ግን ስሕተቱ የት እንዳለ አሁን በግልጽ ይታያል። እነርሱ ያዩት የተነሡበትን ቀን ነው። ሕመምዎ ያለው ከዚያ ቀን በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ነው። ስለዚህ ይግባኝ ሲጠይቁ ሌላ ቀጠሮ አይጠይቁ፤ ከሆስፒታል በተመለሱ ማግስት፣ በቤትዎ መጥተው እንዲያዩዎት ይጠይቁ። የይግባኙን ረቂቅ ልኬአለሁ፤ ለሰብሳቢውም እጽፍላቸዋለሁ።

ሲመጡ አይነሡ። የምጠይቅዎ ነገር ቀላል አይደለም፤ እኔንም ያሳደጉኝ እንደዚያው ነው፤ አባቴ ቢገባ ዛሬም እግሬ ከእኔ ቀድሞ ይቆማል። ቢሆንም አይነሡ።

ስለ እናትዎ ያሉትን አክብሬአለሁ። ውሳኔው የእርስዎ ነው። ሆኖም በቤት ያለው ሰው ሳያውቅ የተሳካ ክትትል እስካሁን አላየሁም።

ሀብተሚካኤል


ቱሉ ዲምቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶ/ር ሀብተሚካኤል፣

ይህን በራሴ እጅ ስለጻፍኩት የሚነበብ ካልሆነ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባልደረባዎ በየሳምንቱ እየመጡ ነው፤ ብዙ አይናገሩም፣ አልጋው አጠገብ ይቀመጣሉ። እናቴ እንድታውቅ ላሳሰቡኝ፣ አዎን፣ ስለ መነሣቴ ነገርኳት።

 «በገዛ አፌ አስፈረድኩብሽ» አለች። አይደለም አልኳት። «ነው» አለች፤ ወጥታ ወደ ኮሪደሩ ሄደች። ስትመለስ ፊቷን ታጥባ ነበር። ያን ጉዳይ ከእኔ ጋር ዳግመኛ አላነሣችም።

ሰብሳቢው ብቻቸውን መጡ። ከዚያ በፊት በነበረው ቀን ለደም ምርመራ ሆስፒታል ተወስጄ ስለነበር፣ ያገኙኝ እርስዎ እንዳሉት ከሕመሙ ጋር ነው። እናቴ ሹሩባ አልሠራችልኝም። አልጋዬ ላይ ከኋላዬ ትራስ ደግፋ አስቀመጠችኝ። አራት ፎቅ የወጡ ሰው ስለሆኑ ትንፋሻቸው ከእርሳቸው ቀድሞ ገባ። በበሩ ብቅ ሲሉ፣ ዶክተር፣ አይነሡ ያሉኝን ሁሉ ረሳሁ። እግሬ ከብርድ ልብሱ ሥር መንቀሳቀስ ጀመረ።

የእናቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ። ወደ ታች ተጫነኝ። ሕፃን ሆኜ ለእንግዳ ስዘገይ ወደ ላይ ያነሣኝ የነበረው ያው እጅ ነው። «በእግዜር ይበሉልኝ ዶክተር» አለች፤ «ልጄ አትነሣም።»

እርሳቸው መቃኑን ይዘው ትንፋሻቸውን እስኪሰበስቡ ቆሙ። «በእግዜር» አሉ። «በእግዜር፣ ልጄ።»

ተኝቼ ሳለሁ የልብ ምቴን ለኩ። ከዚያ ግድግዳ ተደግፌ እንድቆም ጠየቁኝ። የሆነውን ሁሉ አላስታውስም፤ ስነቃ ራሴ በእርሳቸው ክንድ ላይ ነበር፤ መነጽራቸው ወለሉ ላይ ወድቋል። «ሁልጊዜ እንዲህ ናት?» ብለው እናቴን ጠየቋት። እናቴ የተናገረችውን ፊርዶስ በሩ ላይ ሆና ሰምታ ነው የነገረችኝ፤ «ያን ቀንም እንዲህ ነበረች። ዓይናችሁ ጨዋነቷ ላይ ሆኖ ነው ያላያችኋት። የእኔም እንደዚያው» አለቻቸው።

ውሳኔው ትናንት ደረሰ፤ ይዘውት የመጡት ሰብሳቢው ራሳቸው ናቸው። «ለሥራዋ ብቁ አይደለችም። ሕመሙ ሥር የሰደደ ስለሆነ፣ ባለሙያ ባለበት ተቋም ያልተቋረጠ ክትትል ያስፈልጋታል» ይላል። ፋብሪካው አሰናብቶኛል፤ አይፈረድበትም። ታመሻል ተብሎ እንዲጻፍልኝ ይህን ሁሉ ወራት ታገልኩ። ሲጻፍልኝ አለቀስኩ፤ ከደስታ ይሁን ከሌላ መለየት አልቻልኩም። ባለሙያ ያለበት ተቋም የት እንደሆነ ሰብሳቢውን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም መልሰው የእርስዎን ስልክ ቁጥር እንድሰጣቸው ጠየቁኝ።

አሁን እኔም አንድ የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ፤ እርስዎም በእውነት ይመልሱልኝ። እድናለሁ?

ልዕልት


ቱሉ ዲምቱ፣ ሚያዝያ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ዶ/ር ሀብተሚካኤል፣

መልስዎን እናቴ አነበበችልኝ። ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ልትዘለው ፈለገች፤ «እንዳለ አንብቢው» አልኳት፤ አነበበችው። «አላውቅም» የሚል ቃል ከሐኪም አፍ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ሌሎቹ ሁሉ ያውቁ ነበር። ምን እንደተሰማኝ በትክክል ልገልጽልዎ አልችልም፤ ያን ሌሊት ግን ተኝቻለሁ።

ዛሬ ከክፉዎቹ ቀናት አንዱ ስለሆነ አላስረዝምም። መድኃኒቱ አሁንም ያለው ፊርዶስ ዘንድ ነው። ልመልስልሽ ብትለኝም ይቆይ ብያታለሁ።

ለግንቦት ሥልጠና አዲስ አበባ ሲመጡ ቤታችን እንደሚመጡ፣ ከዚያም በየመንፈቁ እንደሚመላለሱ ጽፈዋል። ሰብሳቢውም አብረውዎት መጥተው ሊማሩ እንደጠየቁ ጽፈዋል። ሩቅ መንገድ መሆኑን አውቃለሁ፤ አይቸገሩ ማለት የሚገባኝ እዚህ ላይ ነበር። አልልም። ይምጡ።

ምን እንዲዘጋጅልዎ እንደሚፈልጉ ስንጠይቅዎ ምንም ብለዋል። እናቴ ይህን አልተቀበለችም፤ ከእርሷ ጋር እዚያው ይጨርሱ። ደረጃውን ሲወጡ ሦስተኛው ፎቅ ላይ ይረፉ፤ ጀቤሳ ወንበሩን እዚያ ያስቀምጥልዎታል። በሩ ክፍት ይሆናል። መጋረጃው ስለሚዘጋ ዓይንዎ እስኪለምድ ትንሽ ይቆዩ፤ እኔ በግራ በኩል ነኝ።

ሲገቡ አልነሣም። ከአሁኑ በእግዜር ይበሉልኝ።

አክባሪዎ፣
ልዕልት ወልደሰንበት